ደመወዝ የሌለው ጸሐፊ

«ደመወዙ ስንት ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ከያዝሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ራት ከበላሁ በኋላ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ እስከ አምስትና እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ስጽፍ ታየኛለች። በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ሥራ መስሏት ዝም ብላኝ ነበር። ሰንብታ ግን አንድ ቀን ሻይ ይዛልኝ መጣችና ካጠገቤ ቁጭ ብላ ትመረምረኝ ጀመር።

«ልጄ፥ ይህ ሌሊቱን ሁሉ የምትጽፈው ነገር ምንድን ነው?»

«ውክፔዲያ የሚባል መዝገበ ዕውቀት አለ፤ እዚያ ላይ ነው የምጽፈው።»

«ማን ቀጥሮህ?»

«ማንም አልቀጠረኝም።»

«ደመወዙስ ስንት ነው?»

«ደመወዝ የለውም።»

«ስምህስ ከጽሑፉ ላይ ይወጣል?»

«ከጽሑፉ ራስጌ አይወጣም።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያውስ ጽድቅ ነው በለኛ!» ብላ ሻዩን አስቀምጣልኝ ተነሣች።

ጽድቅ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ጥያቄዋ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ወጣት ሰው ጓደኞቹ ኳስ ሲያዩ ወይም ቡና ቤት ተቀምጠው ሲጫወቱ፥ እርሱ ያለ ደመወዝና ያለ ስም ሲጽፍ የሚያመሽ ከሆነ፥ ምን አግኝቶ ነው? የዛሬው ጽሑፌ ለእናቴም ለአንባቢዎቼም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

የሥራው አጀማመር

ውክፔዲያ ማንም ሰው በነጻ የሚያነበው፥ ደግሞም ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል፥ በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ መዝገበ ዕውቀት ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ከፈቱት። እነዚህ ሰዎች ከዚያ አስቀድመው ኑፔዲያ የተባለ ሌላ መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። በዚያኛው መጻፍ የሚገባቸው ሊቃውንት ብቻ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በሰባት ደረጃ ይመረመር ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ተመርምረው ያለቁት ጽሑፎች 21 ብቻ ሆኑ። ሊቃውንቱን ለመርዳት ተብሎ በጎን የተከፈተው፥ ለማንም ክፍት የሆነው ውክፔዲያ ግን በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች ተሰበሰቡለት። ተራዳው ከቤቱ በለጠ ማለት ነው።

ስሙም የመጣው ከሀዋይ ደሴቶች ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ዊኪ» ማለት ፈጣን ማለት ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በ1987 ዓ.ም. ሰዎች አንድን ገጽ በጋራ የሚጽፉበትን ዘዴ ሲሠራ፥ በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ያየውን ፈጣን አውቶቡስ አስታውሶ ይህን ስም ሰጠው። የአማርኛው ገጽ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ ስለሚጽፍ እኔም እንደዚያው ጽፌዋለሁ።

ዛሬ ውክፔዲያ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል። ኮምፒዩተሮቹንና ወጪውን የሚያስተዳድረው በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመ ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፥ አብዛኛው ገቢው ከአንባቢዎች የሚሰበሰብ ስጦታ ነው። የንግድ ማስታወቂያ አይወጣበትም። ለሚጽፉትና ለሚያርሙትም ድርጅቱ ደመወዝ አይከፍላቸውም።

የእንግሊዝኛው ክፍል ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው ክፍል ግን ያሉት ጽሑፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት መስመር አያልፉም። በአማርኛ የሚናገረው ሕዝብ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሲሆን መዝገቡ እንዲህ የሳሳው ስለምን ነው? እኔ ያገኘሁት መልስ ቀላል ነው፤ የሚጽፍ ሰው ስላነሰ ነው። ይህንንም የተረዳሁት በድንገት ነበር።

ዘበኛ የሌለው በር

ገና ተማሪ ሳለሁ ስለ አንድ ሐይቅ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ሳነብ አንድ ቃል በስሕተት ተጽፎ አገኘሁ። ከገጹ ላይ ለማረም የሚያገለግል ቁልፍ ነበርና እስቲ ምን ይመጣል ብዬ ነካሁት። ጽሑፉ ተከፈተ። አንዲት ፊደል ለወጥሁና አስቀመጥሁት። ዘበኛ መጥቶ «አንተ ማን ነህ? ከማን ተልከህ መጣህ?» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አልመጣም። ገጹን ዘግቼ እንደገና ስከፍተው ያረምሁት ፊደል እንደ ታረመ ነበር።

አንባቢዬ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ይመለከተው ይሆናል። ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስማር መጽሐፍ ማለት ሌላ ሰው ጽፎት እኔ የምሸመድደው ነገር ነበር። የተሳሳተ ቃል እንኳ ባገኝ አስተማሪዬን «ይህ ተሳስቷል» ለማለት እፈራ ነበር። በዚያች ማታ ግን የታተመ የሚመስል ነገር በእኔ እጅ ሊቃና እንደሚችል አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ፊደል ለቀማ ሥራዬ ሆነ። የአማርኛ ጸሐፊ በዚህ በኩል ከሌሎች ይልቅ ብዙ ፈተና አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን አንድ ቃል ብንወስድ፥ ባንዱ «ፀ» ወይም በሌላው «ጸ» ልንጀምረው እንችላለን፤ መካከለኛውንም ፊደል በሦስቱም «ሀ፥ ሐ፥ ኀ» ልንጽፈው እንችላለን። በትንሹ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሆነ። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ስድስቱም ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህም አንድ ሰው ባንዱ አጻጻፍ ፈልጎ ሲያጣ «ይህስ አልተጻፈም» ብሎ አዲስ ጽሑፍ ይጀምራል። ሌላውም በሌላው አጻጻፍ እንደዚሁ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ስለ አንድ ነገር ሁለት ግማሽ ጽሑፎች ተለያይተው ይኖራሉ። ሁለቱን ወደ አንድ ማምጣትና ከቀሩት አጻጻፎች ሁሉ ወደዚያው የሚያመራ መንገድ ማበጀት የብዙ ማታ ሥራዬ ነው። ማንም አያመሰግንበትም፤ ምክንያቱም በደንብ የተሠራ እንደሆነ ማንም አያየውም።

የሮማው ስሕተት

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ስለ ምስጋና ብቻ ብናገር አንባቢ ይታዘበኛል።

አንድ ጊዜ የኦሊምፒክ ድሎቻችንን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅ ነበር። የማመሳክራቸው መጻሕፍት በፈረንጅ ዘመን የተጻፉ ስለ ነበሩ ቀኑን ወደ ራሳችን ዘመን መመለስ ነበረብኝ። በቶኪዮ ጀመርሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ የቶኪዮውን ማራቶን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው። ከ1964 ላይ 7 ሲቀነስ 1957 ይሆናል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ብዬ ጻፍሁ። ትክክል ነበር። ከዚያ ወደ ሮም ተሻገርሁ። በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባበት ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። መሽቶም ስለ ነበረና እንቅልፍም ስለ ተጫነኝ ያንኑ 7 ቀንሼ «1953 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁና ተኛሁ።

ከብዙ ወራት በኋላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የአክስቴ ልጅ አኩርፋ መጣች። በትምህርት ቤት ስለ አትሌቶቻችን ጽፈው እንዲያመጡ ታዘው ነበርና የእርሷ ወረቀት በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ከቀዩ መስመር አጠገብ «ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.! የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር!» የሚል የመምህር ጽሕፈት አለበት።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ፥ «እኔ ከራሴ አላመጣሁትም፤ ከኢንተርኔት ነው የገለበጥሁት። ኢንተርኔት ይሳሳታል እንዴ?»

ውክፔዲያ አንድ ምሕረት የሌለው ጠባይ አለው። በያንዳንዱ ገጽ ጀርባ የገጹ ታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ማን፥ በየትኛው ቀን፥ በስንት ሰዓት፥ የትኛውን ቃል እንደ ጻፈ ወይም እንደ ሰረዘ ይታያል። እኔም የመዝገቡን ታሪክ ገለጥሁና ያን «1953» የጻፈውን ሰው ፈለግሁ። ያገኘሁት የራሴን ስም ነው። ኢንተርኔት አልተሳሳተም፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ለልጅቱም ሳልደብቅ ነገርኋት። «ታዲያ አንተ ተሳስተህ እኔ ነጥብ ልጣ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም 1 ቀን ሲሆን ይህም በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11፥ ወይም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጁ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ግን ልዩነቱ 8 ነው። የሮማው ድል የተገኘው በአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ነበረና 1952 መሆን ይገባው ነበር። አንዲት ቀን ብትዘገይ ኖሮ እኔ ልክ እሆን ነበር! ዳሩ ግን ታሪክ ለሰነፍ ጸሐፊ ተብሎ አንድ ቀን አይዘገይም።

ስሕተቱን በዚያው ማታ አረምሁ። በማግሥቱም ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ልጅቱ መምህር ሄድሁ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፥ ነጭ ጋዋናቸው በጠመኔ የተበከለ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ።

«ልጄ፥ ያን ስሕተት እኔ ያየሁት ዛሬ አይደለም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው» አሉኝ። «አባቴ ወሬው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሌሊት እንዴት እንደ ተሰማ ሲነግረኝ ነው ያደግሁት።»

«ታዲያ ጋሼ፥ ለምን አላረሙትም?»

«እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነዋ! የእናንተ የወጣቶቹ ቤት መስሎኝ። የሰው ቤት ገብቼ ዕቃ ላነሣ?»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። የማያውቀው እኔ ደፍሬ ስጽፍ፥ የሚያውቁት እርሳቸው አፍረው ዝም አሉ። በመካከሉ የተጎዳችው ልጅቱ ናት።

ወዲያው በመምህራን ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ገጹን ከፍተን አየን። ያው የእኔ «1953» ወደ ሌላም ገጽ ተገልብጦ ተገኘ። ስሕተት እንደ ኩፍኝ ይዛመታል። መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉና ባንድ ጣት እየለቀሙ «3»ን አጥፍተው «2» ጻፉ። «በቃ? አለቀ?» አሉኝ። «አለቀ» አልኋቸው። «ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኮ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው በውይይቱ ገጽ ላይ ተቃውሞ ጻፈ። ሩጫው የተፈጸመው ከጀምበር መጥለቅ በኋላ በችቦ ብርሃን ነው፤ በሀገራችን ልማድ ደግሞ ሌሊቱ የሚቆጠረው ለሚቀጥለው ቀን ስለሆነ፥ ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1953 ሊባል ይገባዋል የሚል ነው። እኔ ተደሰትሁ፤ ስሕተቴ በጓሮ በር ሊጸድቅልኝ ነው! መምህሩ ግን አልተበገሩም። ለሌሎቹ ድሎች ሁሉ የሮጡበትን ሀገር ቀን ይዘን ለሮማው ብቻ ሌላ ሕግ ማውጣት አይገባም ብለው መለሱ። ከአንድ ሳምንት ክርክር በኋላ በሠንጠረዡ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. እንዲጸና፥ በጽሑፉ ውስጥ ግን ድሉ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ መገኘቱ እንዲገለጽ ተስማሙ። ተከራካሪው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአዲስ አበባ ይኑር በዋሽንግተን፥ ሽማግሌ ይሁን ተማሪ የሚያውቅ የለም። አንድም ስድብ ግን አልተጻፈም።

እውነት ሊታመን ይችላልን?

እንግዲህ ማንም የሚጽፍበት ከሆነ እንዴት ይታመናል? የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አንድ ቀልደኛ ጆን ሲገንታለር የተባሉትን ታዋቂ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው እንደ ነበር አድርጎ በሐሰት ጻፈ። ይህ ውሸት ለአራት ወር ያህል ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር። በሌላ በኩል «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ1998 ዓ.ም. 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ከውክፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። የተገኘው ስሕተት በውክፔዲያ በአማካይ 4 ገደማ፥ በብሪታኒካ 3 ገደማ ነበር። ብሪታኒካ ምርመራውን አጥብቆ ተቃውሟል። ቢሆንም ያን ጊዜ ብዙ ሰው የገረመው ልዩነቱ ማነሱ ነው።

ውክፔዲያን ከመንደር ወሬ የሚለየው ሕጉ ነው። ጸሐፊው «እኔ አውቃለሁ» ማለት አይችልም፤ «እገሌ በተባለው መጽሐፍ በዚህ ገጽ ተጽፏል» ማለት አለበት። የራሱን አስተያየት ማስገባት አይፈቀድለትም። ሰዎች የሚከራከሩበት ነገር ከሆነ የሁለቱንም ወገን አሳብ መግለጽ አለበት። ስለ ራሱ፥ ስለ ዘመዱ ወይም ስለ መሥሪያ ቤቱ መጻፍም የሚያስነቅፍ ነው። ይህ ሁሉ ሁልጊዜ ይፈጸማል አልልም። አንባቢ ጥርጣሬ ሲገባው ግን ምንጩን ከግርጌው አይቶ ራሱ መመርመር ይችላል።

ይህ ሕግ እኛን ከሌላው ይልቅ ይከብደናል። የሀገራችን ዕውቀት ብዙው በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው አፍ ነው ያለው። ስለ አንድ ገበያ አመሠራረት ሽማግሌው የሚያውቁት ሁሉ በወረቀት ካልሰፈረ በመዝገቡ ሊገባ አይችልም። እኔ በመጀመሪያ በዚህ ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ግን ጥፋቱ የሕጉ እንዳልሆነ ገባኝ። ሽማግሌውን ጠይቆ የሚጽፍና የሚያሳትም ሰው መቅደም አለበት። ስለ ሀገራችን የተዘጋጀው ትልቁ መዝገበ ዕውቀት «ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ» በአምስት ቅጽ ከ1995 እስከ 2006 ዓ.ም. በጀርመን አዘጋጅነት በእንግሊዝኛ ታትሟል። ሊቃውንቱ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያን በአማርኛ የሚያነብ ተማሪ የለም፤ በአማርኛ አልተጻፈምና።

ከእኛ በፊት የነበሩት

ያለ ደመወዝ ለዕውቀት መሥራት የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። ጄምስ መሪ የተባሉት ሊቅ በ1871 ዓ.ም. ታላቁን የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ሲነሡ፥ መጻሕፍት እያነበቡ ቃላት ለቅመው በወረቀት ቁራጭ እንዲልኩላቸው ሕዝቡን ለመኑ። በፖስታ የመጣው ቁራጭ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ከታወቁት ለቃሚዎች አንዱ ሰው ገድሎ በአእምሮ ሕመም ምክንያት በአንድ የእብዶች ሆስፒታል የተዘጋበት አሜሪካዊ ሐኪም ዊልያም ማይነር ሲሆን፥ ከክፍሉ ሆኖ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሶችን ላከ። መዝገቡ የተፈጸመው በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ጄምስ መሪ ከሞቱ 13 ዓመት አልፎ ነበር።

የእኛስ? መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ፈጁበት። እርሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ተቀብለው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰው፥ አንድ መጽሐፍ። ጀማሪው የፍጻሜውን ቀን አላየም፤ ፈጻሚውም የጀማሪውን ስም አልደበቀም። እኔ በማታ ገጽ ላይ ፊደል ስለቅም ራሴን ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር አላወዳድርም። ይሁን እንጂ አንዱ የተወውን ሌላው እንዲቀጥል አድርጎ ማስቀመጥ የሚለውን ደንብ የተማርሁት ከእነርሱ ነው።

የሙዝ ቅጠልና ኮባ

አሁን ያለነው ጸሐፊዎች አንድ አዲስ ፈተና ገጥሞናል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በደቂቃ የሚተረጉም መኪና መጥቷል። ባንድ ማታ ሃምሳ ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል። ቁጥር ለማብዛት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

በ2012 ዓ.ም. በስኮትላንድ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግን ማስታወስ ይገባል። ስኮትስ በሚባለው ቋንቋቸው በሚጻፈው ውክፔዲያ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑትን ጽሑፎች የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት መሆኑ በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ታወቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ የእንግሊዝኛ ቃላትን ፊደል እየለወጠ ይጽፍ ነበር። ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ የሚረዳ መስሎት ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ሰዎች ያን ጽሑፍ አይተው ስኮትስ ማለት የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው ብለው አስበዋል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ለጥያቄ መልስ የሚሰጡትና የሚተረጉሙት መኪናዎች ቋንቋ ከሚማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ውክፔዲያ ነው። እኛ የተበላሸ አማርኛ ብናስቀምጥ መኪናው ያንኑ ተምሮ ለልጆቻችን መልሶ ያስተምራቸዋል።

እኔም በዚህ ፈተና ልወድቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ስለ ድፎ ዳቦ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመኪና አስተርጉሜ፥ ከማውጣቴ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው እናቴ ከወዲያ ትሰማ ነበር። «ሊጡ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ምን አልህ? በሙዝ ቅጠል?»

«እንደዚያ ይላል።»

«ማነው እንደዚያ የሚለው? ድፎ የሚደፋው በኮባ ነው እንጂ በሙዝ ቅጠል ነው እንዴ? ኮባ እኮ የእንሰት ቅጠል ነው። ደግሞ መጀመሪያ በእሳት ለብ ይደረጋል፤ አለዚያ ይቀደዳል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እርሷ ነገረችኝ። ምጣዱ እንዴት እንደሚሰናዳ፥ እሳቱ ከላይም ከታችም እንዴት እንደሚሆን፥ መብሰሉ በምን እንደሚታወቅ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። የመኪናውን ትርጉም ሰርዤ እንደገና ጻፍሁት። የእናቴ ቃል ብቻ ምንጭ ሊሆን ስለማይችል፥ ስለ ሀገር ምግብ የተጻፈ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጌ የተስማማውን ብቻ አስገባሁ። የቀረውን በደብተሬ ጽፌ አስቀምጫለሁ። አንድ ቀን ታትሞ ምንጭ ይሆን ይሆናል።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ የመምህሩን «እኔ ምን አገባኝ» እና የእናቴን «ማነው እንደዚያ የሚለው» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስተያይልኝ። ሁለቱም ያውቁ ነበር። አንደኛው ዝም ሲሉ ስሕተቱ ወራት ኖረ፤ ሁለተኛዋ ስትናገር ስሕተቱ ሳይወለድ ቀረ። በየቤቱ ስለ ከብት በሽታ የሚያውቅ፥ ስለ ሽመና የሚያውቅ፥ ስለ ወንዙ ስም፥ ስለ አዝመራው ወቅት የሚያውቅ ሰው አለ። ከእነዚህ አንዱ ካንድ ወጣት ጋር ባንድ ኮምፒዩተር ፊት በሳምንት አንድ ሰዓት ቢቀመጥ፥ መዝገባችን እንዲህ ሳስቶ አይቀርም ነበር። መጀመሪያ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ባንዲት ፊደል መጀመር ይቻላል። ብንሳሳትም ሌላ ያርመናል። እኔ እንደ ታረምሁ።

የአክስቴ ልጅም ነጥቧን አገኘች፤ መምህሩ በራሳቸው ፈቃድ መልሰውላታል።

ስለ ድፎ ዳቦ የጻፍሁትን ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያም ቀና ብላ «ይህን ኮባ የሚለውን ያገባሁት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ እኔም ጻፍሁ ማለት ነው» አለች።

«አዎን፥ ጽፈሻል።»

«ታዲያ የእኔስ ደመወዝ?»

ለጊዜው ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት።